በጉ የሚልሰው አሞሌ፣ ገብሱ የሚሸሸው ጨው

በአዋሽ ሸለቆ ያሉ የመስኖ እርሻዎች በጨው የመጎዳታቸው ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ጨው የሚችሉ ዕፀዋት እያሉ፣ ያን ችሎታ የሚሰጣቸው ዘረ-መል ተለይቶ ወደ ስንዴው ወይም ወደ በቆሎው ቢገባ ነገሩ አያልቅም ወይ የሚል። ከዚህ ጎን የሚሄድ ሌላ እምነትም አለ፤ ሰብሉ በጨዋማ መሬት ላይ ደጋግሞ ከተዘራ ዘሩ ይለምደዋል፣ ዘረ-መሉም እየተለወጠ ከመሬቱ ጋር ይስማማል የሚለው። ሁለቱም አሳሳቾች ናቸው። ዘረ-መል ማለት በሕዋስ ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአሠራር መመሪያ ነው፤ ጨው ቶሎ የሚገድለው ባቄላና ጨው የማይበግረው የባሕር ዳር ቁጥቋጦ ደግሞ ከጨው ጋር የሚታገሉባቸውን መመሪያዎች በአብዛኛው በጋራ የያዙ ናቸው። የሚለያዩት መመሪያውን መቼ፣ በየትኛው ሕዋስ ውስጥና በምን ያህል መጠን እንደሚያነቡት ነው። ጨውን መቻል የአንድ ዘረ-መል ስጦታ ሳይሆን የብዙ ዘረ-መሎች ሥርዓት ነው። ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሳምንት መጨረሻ ጋዜጣ ባልበቃ ነበር፤ ነገር ግን አገሪቱ ገንዘቧን በዘር ላይ፣ በቦይ ላይ ወይስ በሁለቱም ላይ ታውል የሚለው ውሳኔ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ጨው የሌለበት ተራራ ስለ ጨው የሚናገረው

ነገሩን ከአዋሽ ዳር ሳይሆን ጨው ከማይጠራቀምበት ቦታ መጀመር ይሻላል። በመንዝ ጌራ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ጓሳ፣ በስሙ የሚጠራው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨድበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት ውርጫም አምባ ነው፤ በምዕራብ የሚፈሰው ውኃው ወደ ዓባይ፣ ከምሥራቁ ገደል የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። ዝናቡ በየክረምቱ አፈሩን እያጠበ የሚሟሟውን ሁሉ ይዞ ስለሚወርድ ጨው የሚከማችበት ፋታ የለም። ሆኖም በግ አርቢው መንዜ ስለ ጨውና ስለ ዕፀዋት ዋናውን ነገር ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። በጉ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ውሎ ሆዱ ተወጥሮ ይመለሳል፤ ከደጅ የተቀመጠች የአሞሌ ስባሪ ሲያይ ግን እንዳልበላ ሆኖ ይጋፋል፤ ድንጋይ የመሰለችውን ጨው በምላሱ እየፋቀ ከአጠገቧ ንቅንቅ አይልም። ሣር ያጠገበው በግ ጨው የሚርበው ለምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ግማሹ በአፈሩ ድህነት፣ ግማሹ በሣሩ ጠባይ ላይ ነው።

እንስሳ ከሶዲየም፣ ማለትም የገበታ ጨው አንደኛው ክፍል ከሆነው ንጥረ ነገር፣ ውጪ መኖር አይችልም፤ ነርቩም ጡንቻውም የሚሠራው በእርሱ ነው። አብዛኛው ተክል ግን የሚሻው ሶዲየምን ሳይሆን ፖታሲየምን ነው፤ ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በመጠንም በኤሌክትሪክ ሙላትም የሚቀራረቡ በመሆናቸው ሶዲየም በፖታሲየም በር ሾልኮ ይገባል፤ ከገባም በኋላ በብዙ ኢንዛይሞች ውስጥ የፖታሲየምን ስፍራ ይዞ ሥራቸውን ያስቆማል። ስለዚህ ዕፀዋት፣ ጨው ባልነካው ደጋ የሚበቅሉት ሳይቀሩ፣ ሶዲየምን የሚመልስ የበር ጥበቃ አላቸው። ከዚህ ጥበቃ በብዛት የተጠናው ኤችኬቲ-1 የሚባለው የዘረ-መል ቤተሰብ ነው፤ ፕሮቲኑ ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣው የውኃ ቱቦ ዙሪያ ባሉ ሕዋሳት ላይ ተተክሎ፣ ከውኃው ጋር ሽቅብ ሊሄድ የነበረውን ሶዲየም እየለቀመ በሥሩ ያስቀረዋል። በጉ ከቅጠሉ ያጣው ጨው በከፊል እዚያ የቀረው ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመል ጀርባ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ መገበያያ መሆኑም ከዚሁ ጋር ሲታይ አያስገርምም፤ ደጋው በሀብትነት የሚቆጥረውን ነገር ቆላው በእርሻው ላይ በመርገምነት ያየዋል።

ጓሳ ለዚህ ክርክር ሌላም ነገር ያዋጣል። ስፍራው ለብዙ ዘመን የተጠበቀው ቄሮ በተባለው የአካባቢው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ማን ምን ያህል እንደሚያጭድም በተመረጡ አለቆች ይወሰናል። ሥርዓቱ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያፈርሰው አብሮ ቢላላም፣ ሕዝቡ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ጓሳ በዙሪያው ካለው የተጋጠ መስክ የሚለየው የመክፈቻውና የመዝጊያው ጊዜ፣ የአጨዳውም መጠን የተወሰነ በመሆኑ ነው። ጨው የሚችለው ተክል ከማይችለው የሚለየውም እንዲሁ ነው፤ ሣሩ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ደንቡ ይለያያል።

ሥሩ ጨው ሲቀምስ

በአፈር ውስጥ የበዛ ጨው ተክሉን በሁለት መንገድ ይጎዳዋል፤ አንደኛው ጥማት፣ ሁለተኛው መርዝ ነው። ጨው ውኃን ወደ ራሱ ስለሚይዝ የሥሩ ሕዋሳት እርጥብ አፈር ውስጥ ቆመው ውኃ መሳብ ያቅታቸዋል፤ ይህ ጉዳት ወዲያው የሚታይ ሲሆን አዲሱ ቅጠል ማደጉን ይቀንሳል። መርዙ ግን ቀናትና ሳምንታት ቆይቶ፣ ሶዲየሙ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ውስጥ ሲጠራቀም ይደርሳል፤ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ተለበለበ ይደርቃል። በመስክ ላይ ሁለቱን የማይለይ ባለሙያ ለጥማቱ የሚሆነውን መድኃኒት ለመርዙ ያዛል። ዘረ-መሎቹም ለሁለቱ ጉዳቶች የተለያዩ መሆናቸው ከታች ለሚመጣው ክርክር መያዝ ያለበት ነጥብ ነው።

ከሥሩ ጫፍ ላይ የሚሆነው ነገር በቅርብ ሲታይ ከሚጠበቀው በላይ ፈጣን ነው። በሙከራ ቤቶች በብዛት የሚጠናው የጎመን ዘመድ፣ አራቢዶፕሲስ፣ በዚህ ረገድ እንደ መስታወት ሆኖ አገልግሏል። ሶዲየም ከሥሩ ሕዋስ ውጫዊ ሽፋን ላይ ካለ ልዩ ስብ ጋር ሲጣበቅ የካልሲየም በር እንደሚከፈት እ.ኤ.አ. በ2019 ተገልጿል፤ በዚህ በር የገባው ካልሲየም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንደ ማዕበል ይተላለፋል፤ ፍጥነቱም እ.ኤ.አ. በ2014 በተለካው መሠረት በሰከንድ 400 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ፣ አራት ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ሥር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያዳርሳል። ተክል ነርቭ የለውም የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ መልእክት አይደርሰውም ማለት ግን አይደለም። ይህን የካልሲየም መልእክት የሚሰማው ኤስኦኤስ-3 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ እርሱ ኤስኦኤስ-2ን ይቀሰቅሳል፣ ኤስኦኤስ-2 ደግሞ ኤስኦኤስ-1 የተባለውን ፓምፕ ይከፍታል፤ ፓምፑም ሶዲየሙን ወደ አፈሩ መልሶ ይገፋዋል። ይህን ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፈልቅቆ ያወጣው ጂያን-ካንግ ዡ ከባልደረቦቹ ጋር ነው፤ ዘዴውም በጨው ውስጥ ማደግ ያቃታቸውን ቡቃያዎች እየለዩ የትኛው መመሪያ እንደ ጎደላቸው መፈለግ ነበር። ከፓምፑ ያመለጠውን ሶዲየም ደግሞ ኤንኤችኤክስ-1 የተባለው ሌላ ፓምፕ በሕዋሱ መካከል ወዳለው ቫኪዩል፣ ውኃ ወደሞላው ትልቅ ከረጢት፣ ያስገባዋል፤ ከረጢቱ መርዝ የሚቆለፍበት ጎተራ ሆኖ ያገለግላል፤ የታጨቀው ጨውም ከአፈሩ ጋር ውኃ ለመሳሳብ ጉልበት ይሆናል። ጨው ወዳድ የሚባሉት ዕፀዋት ጠላታቸውን መሣሪያ የሚያደርጉት በዚህ ነው።

በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዘረ-መል አልተፈጠረም፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም። የነበሩት ፕሮቲኖች ተቀሰቀሱ፤ በቀጣዮቹ ሰዓታት ደግሞ የሕዋሱ አስኳል በሺዎች የሚቆጠሩ ዘረ-መሎችን ንባብ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ እንደ ፕሮሊን ያሉ ውኃ የሚይዙ ሞለኪውሎች ይመረታሉ፣ ቅጠሉ ቀዳዳውን ያጠብባል፣ ሥሩ የሚያድግበትን አቅጣጫ ይቀይራል። «ተክሉ ለጨው በዘረ-መሉ ምላሽ ይሰጣል» ሲባል የሚሰማው ሰው ዘረ-መሉ የተቀየረ ይመስለዋል፤ የተቀየረው ግን ንባቡ ነው።

እዚህ ላይ የጓሳ ውርጭ ተመልሶ ይመጣል። በውርጭ ሌሊት በሕዋሳት መካከል ያለው ውኃ ይረጋና ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ለሕዋሱ ይህ ከድርቅም ከጨውም የማይለይ ጥማት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የታወቁት ሲቢኤፍ ወይም ድሬብ የተባሉ ዋና ማብሪያዎች ከዚህ የተነሣ በአንድ ቤተሰብነታቸው ለብርድም፣ ለድርቅም፣ ለጨውም የሚነሡ ዘረ-መሎችን ይጠራሉ፤ የገብስ ብርድ መቻል ከተያያዘባቸው ዋና ስፍራዎች አንዱም በአምስተኛው ክሮሞዞሙ ላይ ያለው የእነዚሁ ማብሪያዎች ጥርቅም ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ውርጭ የቻለ የመንዝ ገብስ ጨውም ይችላል» የሚል ድምዳሜ ላይ መዝለል ግን አይገባም። ማብሪያዎቹ የሚጋሩት ጥማቱን ነው፤ መርዙን የሚመልሱት የሶዲየም በሮች ሌላ መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ በጓሳ አፋፍ የተዘራ ገብስም ሶዲየም የበዛበት አፈር ስለማይገጥመው በዚያ በኩል የሚፈተንበት ምክንያት አልነበረም።

ምሰሶው ቤቱን አያህልም

የአንድ ዘረ-መል ተስፈኞች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የኤድዋርዶ ብሉምዋልድ ቡድን ኤንኤችኤክስ-1ን በብዛት እንዲነበብ በማድረግ የአራቢዶፕሲስን ጨው መቻል ከፍ አደረገ፤ በ2001 ደግሞ ያንኑ ዘረ-መል የተሸከመ ቲማቲም፣ የባሕር ውኃን ጨው ወደ ግማሽ በሚጠጋ ውኃ እየጠጣ አበበ፣ ፍሬም ሰጠ። በሌላ በኩል የአራቢዶፕሲስ ጨው ወዳድ ዘመድ በሆነችው ቴሉንጊዬላ ላይ የተደረገ ሙከራ አለ፤ በዚህች ተክል ኤስኦኤስ-1 ጨው ሳይመጣ ጀምሮ ከዘመዷ በበለጠ መጠን ይነበባል፤ ተመራማሪዎች ንባቡን ሲያዳክሙት ጨው ወዳዷ ተክል እንደ ማንኛዋም ጎመን በጨው የምትሞት ሆነች። እነሆ አንድ ዘረ-መል ሲነካ ሁሉም ተገለበጠ ይላሉ ተስፈኞቹ።

ማስረጃው እውነት ቢሆንም ድምዳሜው አይከተልም። የመንዝ ቤት ምሰሶው ቢነቀል ክዳኑ ከነጓሳ ሣሩ ይወድቃል፤ ምሰሶ ብቻውን መሬት ላይ ቢተከል ግን ቤት አይሆንም። ኤስኦኤስ-1 ሲወገድ ጨው ወዳድነት መጥፋቱ አስፈላጊነቱን ያረጋግጣል፣ በቂነቱን ግን አያረጋግጥም። ከቴሉንጊዬላ የሚገኘው ትልቁ ትምህርትም ሌላ ነው፤ ተክሏ ጨው ሲመጣ ደንግጣ የምትነሣ ሳትሆን አስቀድማ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ ናት። ዝግጅት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ፓምፖቹ የሚሠሩት በሕዋሱ ጉልበት በመሆኑ፣ ጨው በሌለበት ዓመትም ሥራቸውን የማያቋርጡ ከሆነ ወደ ፍሬ ይሄድ የነበረው ስኳር ለጥበቃ ይውላል። ጨው ወዳድ ዕፀዋት በአብዛኛው ዝግ ብለው የሚያድጉ መሆናቸውን ያየ ሰው ሒሳቡ የት እንደተከፈለ ይገባዋል። ቲማቲሙም ቢሆን ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ቢቆይም የገበሬ ሰብል ሆኖ አልወጣም፤ በሙከራ ቤት ጨው በእኩል መጠን ይንጠባጠባል፣ በማሳ ላይ ግን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ከሙቀትና ከውኃ መቆም ጋርም አብሮ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ ለተስፈኞቹ የሚቀርበው ብርቱ ማስረጃ ከስንዴ የተገኘው ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ በትክክል ሲነበብ ተቃራኒውን ይናገራል። የዳቦ ስንዴ ከሦስት የጥንት ሣሮች የተገኙ ሦስት የክሮሞዞም ስብስቦች ሲኖሩት፣ በኢትዮጵያ ደጋ በነባርነት የሚታወቀው የማካሮኒ ስንዴ ዱረም ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ የጎደለው ሦስተኛው ስብስብ ላይ ሶዲየምን ከቅጠል የሚያስቀር የኤችኬቲ ዘረ-መል አለ፤ ዱረም ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ሶዲየም ወደ ቅጠሉ የሚያስገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ ተመሳሳይ ዘረ-መል በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ዱረም አስገብተው፣ በጨዋማ ማሳ ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ የምርት ብልጫ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳወቁ። ይህ የተሳካው ዘረ-መሉ ተአምረኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሙሉ ቤት ሆኖ አንድ በር የጎደለውን ስንዴ አግኝተው፣ የጎደለውን በር በትክክለኛው ቦታ ስለ ተከሉት ነው። የትኛው ሰብል የትኛው በር ጎደለው ብሎ የሚጠይቅ አራቢ ይሳካለታል፤ «የጨውን ዘረ-መል» የሚፈልግ አራቢ ገና ሲፈልግ ይኖራል።

ዘሩ ይለምደዋል?

ሁለተኛው እምነት፣ የመልመድ ነገር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነት የቀረበ በመሆኑ የበለጠ ያደናግራል። አንድ ተክል በልጅነቱ ጥቂት ጨው ከቀመሰ በኋላ ብዙውን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ የሚቀሩ ኬሚካላዊ ምልክቶች ያንን ትውስታ በዚያው ተክል ዕድሜ ውስጥ እንደሚያቆዩ ታይቷል። ይህ ግን ከዘር ወደ ዘር እየተጠራቀመ የሚሄድ ውርስ ነው ማለት አይቻልም። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚለወጠው ተክሉ ሳይሆን ማኅበሩ ነው፤ በአንድ ማሳ ካሉ ልዩ ልዩ ተክሎች መካከል ጨውን በተሻለ የቻሉት ብዙ ፍሬ ሲተዉ፣ በሚቀጥለው ዓመት የእነርሱ ልጆች ይበዛሉ። ስለዚህ ለመልመድ አስቀድሞ መለያየት ያስፈልጋል። ይህ ነጥብ የመንዝ ገበሬ የሚዘራውን ማጌ ገብስ ከምርምር ጣቢያ ከሚወጣ አንድ ወጥ ዝርያ ይለየዋል። ነባሩ ዘር በአንድ ስም ቢጠራም በውስጡ በዛላው ቅርጽ፣ በፍሬው ቀለም፣ በሚደርስበት ጊዜ የሚለያዩ ብዙ ዓይነቶችን የያዘ ነው፤ ወጥ ዝርያ ግን እያንዳንዱ ተክል የሌላው ቅጂ በመሆኑ፣ በጨው ላይ ሃያ ዓመት ቢዘራም የሚመረጥ ነገር የለውም። «ይለምደዋል» የሚለው ተስፋ በወጥ ዝርያ ላይ ሲጣል ባዶ ነው፤ በድብልቅ ዘር ላይ ሲጣል ግን ትዕግሥት ለሚኖረው ሰው ትርጉም አለው።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ድኻ አይደለችም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን ዞሮ ገብስና ስንዴዋን በሰበሰበ ጊዜ ያስደነቀው የዓይነቱ ብዛት ነበር፤ ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ አንድ ዘረ-መል በካሊፎርኒያ ገብስን ከአንጭጭ ቢጫ ቫይረስ ያዳነ ሲሆን፣ ሌላው በአውሮፓ ከአመዳይ በሽታ መከላከያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን በብርድ ቤት ያኖራል። የዚህ ተቋም መሪ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ ያስታወቃቸው ሥራ፣ ዘር በብርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ መኖር አለበት የሚለው ነበር፤ በብርድ ቤት የተኛ ዘር ቶሎ አይሞትም፣ ነገር ግን ውርጭም ጨውም ስለማያገኘው ምርጫው በዚያ ቀን ላይ ይቆማል። የሕንድ የኬራላ ገበሬዎች ባሕር በሚገባበት ማሳ ላይ ለብዙ ትውልድ ያቆዩት ፖካሊ የተባለው ሩዝ፣ ዛሬ በዓለም ላሉ የጨው ቻይ ሩዝ አራቢዎች ዋና ምንጭ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያን ዘር የሠራው ሙከራ ቤት ሳይሆን ጨዋማ ማሳ ላይ በተከታታይ የሚዘራ ድብልቅ ነው።

ከዘሩ በፊት ቦዩ

በተቃራኒው ወገን የቆሙት የመስኖ መሐንዲሶች ክርክር ደግሞ ይህን ይመስላል፦ ጨው የውኃ ችግር እንጂ የዘር ችግር አይደለም፤ ማሳው ከተጠነፈፈና ከታጠበ ማንኛውም ሰብል ይበቅላል፣ ካልተጠነፈፈ የትኛውም አይበቅልም፤ ስለዚህ የዘረ-መሉ ወሬ ቦይ ላለመቆፈር ማመካኛ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ያለውን አሚባራን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አይንቀውም። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት መካከለኛው አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዝናቡ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ሆኖ ትነቱ ግን ከ2,500 ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ በመስኖ የገባው ውኃ ወደ ሰማይ ሲሄድ ከተራራ ይዞት የመጣው ጥቂት ጨው መሬት ላይ ይቀራል፤ የመስኖው ትርፍ ውኃ ደግሞ መውጫ ካላገኘ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ውኃው ከሥሩ አጠገብ ሲደርስ እንደ ኩራዝ ክር በአፈሩ እየተሳበ ወጥቶ ይተናል፣ ጨዉንም ከላይ ይተዋል። በትልሙ ጫፍ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ ጥጡ በትልሙ ጎን አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከጫፉ ላይ ግን ባዶ ቦታ ይተዋል። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ ያልራቀ ሆኖ ሳለ ከ40 በላይ መድረሱ፣ ጨዋማ ውኃውም ወደ አዋሽ መለቀቁ ነገሩን አክብዶታል።

የመሐንዲሶቹ ክርክር የሚበረታበት ሌላ ምሳሌም አለ። በአፋር ወያኔ ዛፍ ወይም ደርጊ ሀራ የሚባለው ፕሮሶፒስ ጨውንም ድርቅንም የሚችል በመሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ገባ፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት ይዟል። «ጨው የሚችል ነገር ይተከል» የሚለው ምክር ራሱን ችሎ ሲቆም የት እንደሚያደርስ ለማወቅ አፋር ድረስ ሄዶ አንድ አርብቶ አደር መጠየቅ በቂ ነው።

ቢሆንም መሐንዲሶቹ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ማጠብና ማጠንፈፍ ጨውን በአንድ ወቅት አያጠፋም፤ ማሳው በሚታጠብባቸው ዓመታትም ገበሬው መብላት አለበት፤ እዚያ ላይ የዘር ልዩነት ዋጋ አለው። አፈር ጨዋማ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ ሲበልጥ ነው። በተለመደው የሰብሎች መመዘኛ ባቄላ ከ1 እስከ 2 ባለው መካከል፣ በቆሎ በ1.7 ምርቱ መቀነስ ሲጀምር፣ ስንዴ እስከ 6፣ ጥጥ 7.7፣ ገብስ ደግሞ እስከ 8 ድረስ ይቆያሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች የሚወጣው ፍርድ ከሁለቱም ወገን ይለያል። ከ4 እስከ 8 ባለው መካከል ዘር ብዙ ይሠራል፤ የወረር ማዕከል ለቆላ መስኖ እንዳወጣቸው ፈንታሌና አሚባራ ያሉ የዳቦ ስንዴዎች፣ የሶዲየም በራቸው ከዱረም የተሻለ ስለሆነ ቅድሚያ ይገባቸዋል፤ ጎን ለጎንም ነባር የገብስ ድብልቆች በዚያው ጨዋማ ጠርዝ ላይ በየዓመቱ ከራሳቸው ምርት እየተዘሩ ቢቆዩ፣ በትንሽ ወጪ ፖካሊን የመሰለ ነገር የሚወጣበት ዕድል አለ። የደብረ ብርሃንና የወረር ምርምር ማዕከላት በዚህ ቢተባበሩ ደጋው ዘሩን፣ ቆላው ጨዉን ያዋጣል። ከ8 በላይ ሲሆን ግን ከእነዚህ ሰብሎች ምርቱ የማይቀንስ የለም፤ እዚያ ቦዩ ይቀድማል፣ ቦዩ እስኪደርስ ደግሞ እንደ ሮድስ ያለ ጨው የሚችል የመኖ ሣር ይዘራበታል።

በመኖውም ላይ ቢሆን ሒሳቡ ወደ ውኃ ይመለሳል። ጨው የሚችሉ ብዙ ዕፀዋት ሶዲየሙን በቅጠላቸው ጎተራ ስለሚቆልፉት፣ ያንን የበላ ከብት እንደ መንዝ በግ አሞሌ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከወትሮው የበለጠ ንጹሕ ውኃ ነው፤ በአሚባራ ያ ውኃ የሚቀዳው ከአዋሽ ነው።